የሐረር ጀጎልን ግንብ ከበር እስከ በር በእግር ለመዞር

ሐረር የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በመኪና በሐረር በር ይገባል፤ መሐል ከተማ ያለው ፈረስ መጋላ አደባባይ ይወርዳል፤ ሙዚየሞቹን ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ ማታ ጅብ ሲበላ ፎቶ ይነሣና በማግሥቱ ይመለሳል። ግንቡን ያየው በመኪና መስኮት ነው። ይህ በጣም ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ሐረርን ሐረር ያደረጋት ግንቡ ነው። ሰፈሮቿ የሚጠሩት በበሮቹ ስም ነው። ዋና ዋና መንገዶቿ ከበሮቹ ተነሥተው መሐል ከተማ ላይ ይገናኛሉ። ከገበያዎቿም ብዙዎቹ የቆሙት በበሮቹ ደጃፍ ነው። ስለዚህ የምመክረው ቅደም ተከተል የተለመደውን የሚገለብጥ ነው፤ መጀመሪያ ግንቡን ከውጭ በእግርዎ ይዙሩት፤ ወደ ውስጥ መግባቱ ይደርሳል።

ግንብ ሲባል ሰውን ለማራቅ ብቻ የተሠራ ይመስለናል። የጀጎል፣ ማለትም በግንብ የታጠረችው የአሮጌዋ ሐረር፣ ግንብ ግን ከተማዋ በምትኖርበት ልክ የተሠራ ነው። ቀን ቀን ነጋዴውን፣ ገበሬውንና ግመሉን ያስገባል፤ ጀምበር ስትጠልቅ ይዘጋል። ከውጭ ባይገባላት ኖሮ ሐረር አትኖርም ነበር፤ ባትዘጋ ኖሮም አትቆይም ነበር። ዙሪያውን ሲሄዱ በእያንዳንዱ በር ላይ የሚፈልጉት የዚህን ማስረጃ ነው።

ከመሄድዎ በፊት ይህን ያህል ታሪክ ይያዙ

እ.ኤ.አ. በ1520 የአዳል ሱልጣኔት መዲና ወደ ሐረር ተዛወረ። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ በብዙዎቻችን ዘንድ ግራኝ አሕመድ የሚባሉት፣ ከዚህ ተነሥተው እስከ ሰሜን ዘመቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1543 በጦር ሜዳ ወደቁ። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ ከሽንፈቱ ተርፈው ሐረር ገቡ፤ በኋላም የኢማሙን የእኅት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገቡ። ኑር እ.ኤ.አ. በ1550ዎቹ መጀመሪያ የሐረር አሚር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1559 ዓፄ ገላውዴዎስ ከአሚር ኑር ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ድሉ ግን ለሐረር እረፍት አላመጣላትም። የኦሮሞ መስፋፋት ከደቡብ እየገፋ ነበር፤ ረኃብ ገባ፤ ወረርሽኝ ተከተለ። አሚሩ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1560ዎቹ መጨረሻ በወረርሽኙ ሞቱ። በዚያ አጣዳፊ ዘመን ከተማዋን በግንብ ያጠሩት እርሳቸው እንደሆኑ ሐረሪዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉት ኖረዋል። ዩኔስኮ ደግሞ የግንቡን ሥራ ከ13ኛው እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ለእኔ ሁለቱ አይጣሉም፤ እንዲህ ያለ ግንብ የአንድ ትውልድ ሥራ ብቻ አይሆንም፤ አሚር ኑር ግን ሙሉ ቅርጹን የሰጡት ሰው ሆነው በከተማዋ ልብ ውስጥ ቆመዋል።

ከዚያ በኋላ ሐረር ለረጅም ዘመን የራሷ አሚሮች የነበሯት፣ የራሷን ገንዘብ የምታትም፣ በሽመናና በመጽሐፍ ጥረዛ የታወቀች፣ ቡናዋን ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ወደቦች የምትልክ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1875 ግብፆች ያዟት፤ ለአሥር ዓመት ቆይተው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1887 (በ1879 ዓ.ም.) ጨለንቆ ላይ በተደረገው ጦርነት አሚር አብዱላሂ በንጉሥ ምኒልክ ተሸነፉ፤ ሐረርም ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተቀላቀለች፤ አስተዳዳሪነቱም ለራስ መኮንን ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ሐረርን ወደ ጎን ትቷት አለፈ። ንግዱ ወደ ሐዲዱ ወረደ። ነጋዴዎቹን የጎዳው ይህ ውሳኔ ግንቡን ሳይጠቅመው አልቀረም ብዬ አምናለሁ፤ በፍጥነት የሚያድግ ከተማ አሮጌ ግንቡን ለመንገድና ለሕንፃ ሲል ያፈርሳልና።

ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በምዝገባው ላይ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮች ተጠቅሰዋል። የሚዞሩት ግንብ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ቁመቱ አራት ሜትር ያህል ነው። በትውፊት ርዝመቱ 6,666 ክንድ ነው ይባላል፤ ቁጥሩም ከቁርአን አንቀጾች ጋር ይያያዛል። አንዱን ክንድ ግማሽ ሜትር ብለው ቢያሰሉት 3,333 ሜትር ይመጣልዎታል፤ ትውፊቱ ከእግርዎ ልኬት ብዙም አይርቅም ማለት ነው።

ጉዞውንና ቀኑን መምረጥ

ከአዲስ አበባ ሐረር ድረስ በመኪና 525 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዋሽ፣ በጭሮ፣ በሂርናና በቁልቢ አልፈው በሐረማያ በኩል ይደርሳሉ፤ ሙሉ ቀን ይመድቡለት። የሚቸኩል ሰው በአውሮፕላን ድሬዳዋ ይወርድና 50 ኪሎ ሜትር ያህሉን በሚኒባስ ወይም በኮንትራት መኪና ይጨርሳል። ከድሬዳዋ ቆላ ወደ ደንገጎ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ራሱ ትምህርት ነው፤ ከባሕሩ በኩል የመጣ ሲራራ ነጋዴ ምን ያህል አቀበት እንደነበረበት በዓይንዎ ያዩታል። በመኪና የሚሄዱ ከሆነ የመንገዱን ጸጥታ በዚያው ሳምንት ጠይቀው ይነሡ፤ በሌሊትም አይጓዙ።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ለእግር ጉዞ ይስማማል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉም ይመረጣል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መሬቱም ደርቋል። በክረምት ከሄዱ በግንቡ ሥር ያለው አፈር ጭቃ ይሆናል፤ ቁልቁለቱ ያዳልጣል። በታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን የቁልቢ ምዕመናን መንገዱን ስለሚሞሉት ወይ ቀደም ብለው ይለፉ፣ ወይ ቀኑን ይቀይሩ፤ የሆቴል ክፍልም በዚያ ሰሞን አይገኝም።

በዓል ለማየት የሚፈልግ ሰው የሹዋሊድን ቀን ይጠብቅ። ከረመዳን በዓል በኋላ ስድስት ቀን ተጹሞ የሚከበር የሐረሪዎች በዓል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት ዩኔስኮ መዝግቦታል። ከተማዋ በዚያ ሌሊት አትተኛም፤ ከውጭ አገር ያሉ ልጆቿም ይመጡላታል። ግንቡን በጸጥታ ለመዞር ግን ያ ሳምንት አይሆንም። በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ለማግኘት ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ መድረስ ነው።

መሪ፣ ጫማ፣ ዝርዝር ገንዘብ

ግንቡን ያለ መሪ መዞር ይቻላል፤ በመሪ ግን የተሻለ ነው። በአንዳንድ ቦታ ቤቶች ከግንቡ ጋር ተጣብቀው ስለተሠሩ መንገዱ ይቋረጣል፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ያለፉት ጓሮ የሰው ግቢ ይሆናል። በሐረር በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማት ሲካሄድ ስለቆየ መተላለፊያዎችም ይለዋወጣሉ። የአካባቢው ልጅ አብሮዎት ሲኖር ሰው በፈገግታ ያሳልፍዎታል። ፈቃድና መታወቂያ ያለው አስጎብኚ በሚያርፉበት ሆቴል ወይም በክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ በኩል ያግኙ። ዋጋውን ከመነሣትዎ በፊት በግልጽ ይነጋገሩ፤ የሚፈልጉትንም አስረግጠው ይንገሩት፦ “መጀመሪያ ግንቡን በውጭ በኩል ሙሉ ዙር፣ ከዚያ ወደ ውስጥ።” ይህን ካላሉት ብዙዎቹ በለመዱት መንገድ ቀጥታ ወደ ሙዚየም ይወስዱዎታል።

ጫማዎ የማያዳልጥ ይሁን። ውኃ፣ ባርኔጣና ዝርዝር ገንዘብ ይያዙ። ልብስዎ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ቢሆን መልካም ነው፤ በመንገድዎ ላይ መስጊዶች፣ የአውሊያ መቃብሮችና የቀብር ቦታዎች አሉ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ቢይዙ በየቦታው አይቸገሩም።

ዙሩን ከሐረር በር መጀመር

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሐረር በር ይገኙ። ይህ ስድስተኛው በር ነው፤ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በኋላ የተከፈተና መኪና የሚያስገባ ነው። ዱክ በር የሚሉትም አሉ። ከአዲሱ ከተማ የሚመጣው ሰፊ ጎዳና በዚህ ገብቶ ፈረስ መጋላ ያደርሳል። ዛሬ እዚህ አይግቡ። ፊትዎን ወደ በሩ አድርገው ይቁሙና ወደ ግራ ይታጠፉ። ከዚህ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ግንቡ በቀኝ እጅዎ ነው፤ መንገድ ቢጠፋብዎት ይህችን ብቻ ያስታውሱ።

አቅጣጫውን በዘፈቀደ አልመረጥኩትም። ጠዋት የምዕራቡ ግንብ ጥላ ነው፤ በጥላው ውስጥ ይራመዳሉ። ምሥራቁ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና ግንቡን ፊት ለፊት እየመታችው ስለምትሆን የድንጋዩ ቀለም ጎልቶ ይታያል። የምዕራቡን በር ፎቶ ማንሣት የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ተመልሶ ይምጣ።

ስለ በሮቹ ስም አንድ ነገር ይወቁ። እያንዳንዱ በር በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የተለያየ ስም አለው፤ የጠየቁት ሰው በሌላ ስም ቢመልስልዎት እንዳይደናገሩ። ከዚህ በታች የአማርኛውንና የሐረሪውን ስም አብሬ እጽፋለሁ።

ሸዋ በር (አስማዲን በሪ)

ብዙም ሳይሄዱ የሚያገኙት የመጀመሪያው ጥንታዊ በር ነው። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሸዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ በዚህ ስም ይጠራል። ከበሩ ውጭ ያለው ገበያ ከማለዳ ጀምሮ ይሞላል። አትክልት፣ ቅመም፣ እጣን፣ የማገዶ እንጨት ሁሉም አለ። እዚህ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ቆም ይበሉና የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ይመልከቱ። ከውጭ የሚገባው ሸክም ነው፤ ከውስጥ የሚወጣው ባዶ ቅርጫትና ገንዘብ ነው። በአሚሮቹ ዘመን በበሮቹ ላይ ቀረጥ ይከፈል ነበር፤ ዛሬ ቀረጡ የለም፤ የሰዉ አካሄድ ግን ያው ነው። ገበያተኞቹን ፊት ለፊት ፎቶ አያንሡ፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ። ጥቂት ነገር ገዝተው ከጠየቁ ደግሞ እምቢ የሚልዎት ሰው ጥቂት ነው።

ግንቡን ቀርበው የሚያነቡበት ቦታ

ከሸዋ በር ወደ ፋላና በር ሲሄዱ ግንቡ ከቤት ነጻ ሆኖ የሚታይባቸው ስፍራዎች አሉ። አንዱን ይምረጡና ክንድ ያህል ቀርበው ይቁሙ። እጅዎን በድንጋዩ ላይ አይጎትቱ፤ በዓይን ይበቃል።

መጀመሪያ ድንጋዩን ይመልከቱ። ሐሺ የሚሉት የአካባቢው ድንጋይ ነው፤ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለውና ውስጡ ብስብስ የሚመስል። የከተማዋ ቤቶችም የተሠሩት በዚሁ ነው። እንደተገኘ ስለተደረደረ አንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ በትልልቆቹ መካከል የቀረው ክፍተት በጥቃቅን ጠጠርና በጭቃ ተሞልቷል። ጭቃው ነው ሁሉን የያዘው። ጭቃ ደግሞ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ይህ ግንብ እስካሁን የቆመው ከአንድ ትውልድ የበለጠ እጅ ስለለሰነው ነው።

ቀጥሎ ጥገናውን ይለዩ። ጭቃና ሐሺ ያለበት ክፍል ረገብ ያለ ነው፤ መስመሩ ይወዛወዛል። በሲሚንቶ የተጠገነ ቦታ ካጋጠመዎት ግራጫና ጠንካራ ጠርዝ ይታይበታል። ሲሚንቶ እርጥበት አያስተነፍስም፤ በጭቃ በተሠራ ግንብ ላይ ሲለሰን ውኃው ውስጥ ይታሠርና ከሥሩ ያለውን አሮጌ ሥራ ያበሰብሰዋል። ስለ ቅርስ ጥገና የሚቆረቆር ሰው ይህን ልዩነት አንዴ ካየ በሌላም ከተማ ያለ ጥንታዊ ግንብ ሲመለከት ዓይኑ አያልፈውም። በስንጥቁ ውስጥ የበቀሉ ቁጥቋጦዎችንም ያስተውሉ፤ ሥራቸው ሲወፍር ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል።

በመጨረሻ ጎንበስ ብለው የግንቡን ሥር ይመርምሩ። በአንዳንድ ቦታ ጉልበት የማይደርስ ቀዳዳ ያገኛሉ። የጅብ ማስገቢያ ነው፤ ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሉታል። ወራባ ጅብ ነው። ሰው በሩን ዘግቶ ሲተኛ ጅቡ በዚህ ገብቶ በየመንገዱ የተጣለውን ሥጋና አጥንት ሲለቅም አድሮ ንጋት ላይ ይወጣል። ጠላትን ለመከልከል ብለው አራት ሜትር ግንብ የሠሩ ሰዎች ለጅብ መግቢያ ተዉለት። ከጠቅላላው ዙር አንድ ነገር ብቻ ማየት የሚችል ሰው ቢኖር ይህን ቀዳዳ እንዲያይ እመክረዋለሁ፤ ስለዚህች ከተማ ብልኅነት ከማንኛውም ሰነድ በላይ ይናገራል።

ፋላና በርና ኤረር በር

ፋላና በር (አሱም በሪ) በሰሜን በኩል ነው። ማታ ጅብ ከሚመገብባቸው ሁለቱ የታወቁ ስፍራዎች አንዱ ከዚህ በር ውጭ ነው፤ በቀን ቦታውን አይተው ይለፉ፤ ማታ በጨለማ ሲመጡ አቅጣጫው አይጠፋብዎትም።

ከዚህ በኋላ ያለው የምሥራቅ ጎን ለእኔ ከዙሩ ሁሉ የበለጠው ነው። መሬቱ ወደ ኤረር ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ ከግንቡ ውጭ የቀብር ቦታዎች አሉ፤ ከማዶ የቁንዱዶ ተራራ ጠፍጣፋ አናቱን ዘርግቶ ይታያል። ግንቡ ለምን እዚህ ላይ እንደቆመ የሚገባዎት ከዚህ ሲመለከቱ ነው። ከቆላው የሚመጣ ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን ጦር፣ ሳይታይ መድረስ አይችልም። በቀብር ቦታዎቹ መካከል አይሂዱ፤ በዳር ይለፉ፤ ድምፅዎንም ዝቅ ያድርጉ።

ኤረር በር (አርጎብ በሪ) የምሥራቁ በር ነው። ከገጠር የሚመጡ የኦሮሞ ሴቶች ጫት፣ አትክልትና ወተት ይዘው ከማለዳው የሚሰባሰቡበት ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ወደ ሐረር የገባው በዚህ በር እንደሆነ ይነገራል። አውሮፓውያን ይህችን ከተማ ለእነርሱ የተከለከለች አድርገው ይጽፉላት ነበር። በርተን በበሩ ላይ ቆሞ የአሚሩን ፈቃድ ጠበቀ፤ ገባ፤ አሥር ቀን ያህል ቆይቶ በሰላም ወጣ። በአውሮፓ ስለዚህ ጉብኝት ብዙ ተብሏል። ነገሩን ከበሩ ውስጥ ሆኖ ላየው ግን የሐረር ዘበኛ ሥራውን ሠራ፤ እንግዳውን አስቆመ፣ ጠየቀ፣ አስፈቀደ፣ አስገባ።

እዚህ አካባቢ ቁርስ ይቅመሱ። በየቦታው ትኩስ ሳምቡሳ ይሸጣል። ቁቲ የሚባለውን የቡና ቅጠል ሻይ ካገኙም አይለፉት፤ የሐረር ቡና ስሙ በዓለም የታወቀ ነው፣ የአገሬው ሰው ግን ቅጠሉንና ገለባውንም አፍልቶ ይጠጣል።

ሰንጋ በር፣ በድሮ በሪና የዙሩ መዝጊያ

ሰንጋ በር (ሱቁታት በሪ) በደቡብ ምሥራቅ ነው። ሁለተኛው የጅብ መመገቢያ ስፍራ በዚህ አቅጣጫ ነው። ከዚህ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ የሐኪም ተራራ ፊት ለፊትዎ ይሆናል። በአሹራ በዓል ለጅቦች በቅቤ የተሠራ ገንፎ የሚቀርበው በዚህ ተራራ አካባቢ ነው። ጅቦቹ ደህና አድርገው ከበሉ ዘመኑ መልካም ይሆናል ይባላል።

ቀጣዩ በአማርኛ ቡዳ በር የሚባለው ነው። በሰፈሩ ብረት ቀጥቃጮች ይኖሩበት እንደነበር ይነገራል፤ በአገራችን ባለ እጁን በዚህ ቃል መስደብ የተለመደ መጥፎ ልማድ ነበር። ማረሻውንና ቢላዋውን ሠርቶ ለሰጠን ሰው ይህ አይገባውም። መንገድ ሲጠይቁ “በድሮ በሪ” ይበሉ፤ ሁሉም ያውቀዋል።

በዚህ ጎን ቤቶች ከግንቡ ጋር የተጠጉበት ቦታ ስላለ አንዳንዴ ወጣ ብለው በመንገዱ መሄድ ይኖርብዎታል። ግንቡ ከተሰወረ መሪዎን ይከተሉ፤ ብቻዎን ከሆኑ ወደ ግራ ወጥተው ዋናውን መንገድ ይያዙና ሐረር በር ድረስ ይምጡ። እዚህ ሲደርሱ ዙሩ ተጠናቀቀ። ሳይቆሙ ከሄዱት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ እንዳልኩት ቆም እያሉ ከሄዱ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

አሁን ወደ ውስጥ ይግቡ

ከቀትር በፊት ባለው ጊዜ ወደ ውስጥ ሲገቡ በሐረር በር ሳይሆን በሸዋ በር ይግቡ፤ የእግረኛ መንገድ ነው። ሽቅብ ሲሄዱ ፈረስ መጋላ ይደርሳሉ። ከዚያ መኪና ግርግር ወደሚባለው ጠባብ መንገድ ይውረዱ፤ በግራና በቀኝ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ይሰፋሉ። ጨርቅ ገዝተው ቢሰጧቸው ከተማውን ዞረው ሲመለሱ የተሰፋ ልብስ ይረከባሉ። መንገዱ ግድር መጋላ ያወጣዎታል፤ የሥጋ ገበያው እዚያ ነው። ጭልፊቶቹ ከጣሪያ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ሥጋ የያዘ ሰው እጁን ካልሸፈነ ይነጥቁታል።

በጀጎል ውስጥ 368 ያህል ጠባብ መንገዶች እንዳሉ ይነገራል። እዚህ ላይ የጠዋቱ ዙር ይከፍልዎታል። ቁልቁል የሚወስድ መንገድ በመጨረሻ ወደ ግንቡ ያደርሳል፤ ግንቡ ጋ ከደረሱ ደግሞ የቅርቡን በር ያውቁታል። ሽቅብ ከሄዱ መሐል ከተማ ነዎት። ስለዚህ ሳይፈሩ ይጥፉ።

ሁለት ሦስት ቦታ ግን ሳይዘነጉ ይዩ። የአሚር ኑር መቃብር አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፤ ግንቡን የዞረ ሰው እዚህ ሳይደርስ ቢሄድ ነውር ነው። ጫማ ያውልቁ፤ ለጠባቂው ሰላምታ ይስጡ፤ መጠነኛ ስጦታም ይተዉ። የሸሪፍ ሙዚየም በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ነው፤ የእጅ ጽሑፎችና በሐረር የታተሙ ሳንቲሞች አሉበት። ራምቦ ቤት የሚባለው ባለ ፎቅ ቤት ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ የኖረበት አይደለም፤ እርሱ ከሞተ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ሆኖም ውስጡ የተሰቀሉት የጥንት ሐረር ፎቶግራፎች ግንቡንና በሮቹን በቀድሞ መልካቸው ስለሚያሳዩ ጠዋት ካዩት ጋር ያስተያዩበታል፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ወጥተውም ከተማዋን ከላይ ይቃኙ።

ማደርና የማታው ጅብ

ከተቻለ ከግንቡ ውስጥ ባለ የሐረሪ ቤት ይደሩ፤ በእንግዳ ማረፊያነት የሚሠሩ አሉ። ግድግዳው በስፌት ያጌጠ ነው፤ መቀመጫው ደረጃ በደረጃ የተሠራ መደብ ሲሆን ነደባ ይባላል፤ ማን የት እንደሚቀመጥም ሥርዓት አለው። የትኛው ቦታ ለእርስዎ እንደሆነ የቤቱን እመቤት ሳይጠይቁ አይቀመጡ። መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር የተቀባው በጨለንቆ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ።

የጅቡ ምግብ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። ፋላና በር ወይም ሰንጋ በር አንዱን ይምረጡ፤ በባጃጅ ወይም በከተማዋ አሮጌ ፔጆ ታክሲ ይሂዱና ሾፌሩ እንዲጠብቅዎት ይስማሙ። ክፍያውን አስቀድመው ይጠይቁ። ከመጋቢው ጎን ሆነው እንጨት ላይ የተሰቀለ ሥጋ ማብላት ይችላሉ፤ አይሩጡ፣ አይጩኹ፣ የካሜራ ብልጭታ አያብሩ። ትንንሽ ልጆች ከያዙ ከኋላ ይቁሙ። መጋቢው የሚለውን ብቻ ያድርጉ፤ ጅቦቹ የሚያውቁት እርሱን ነው፤ በየስማቸው ሲጠራቸውም ይሰማሉ።

የማይደረጉ ነገሮች

ግንቡ ላይ አይውጡ። የወጡበት ድንጋይ ከቦታው ሲነቀል የያዘው ጭቃ አብሮ ይረግፋል፤ በሚቀጥለው ክረምት ያ ቦታ ይናዳል። ለማስታወሻ ብለው ጠጠር አያንሡ። ግድግዳው ላይ ስም አይጻፉ። በጸሎት ሰዓት ወደ መስጊድ ቅጥር ለመግባት አይሞክሩ። ለሚለምኑ ሕፃናት ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ ከሸዋ በር ገበያ ፍራፍሬ ገዝተው ያካፍሉ።

ሁለተኛ ቀን ካለዎት ጠዋቱን ለገበያ ይስጡት። የተፈጨ ቡና ሲገዙ ፊትዎ ያስቆሉና ያስፈጩ፤ ስፌት ከፈለጉ የሰፋችውን ሴት ራሷን ያግኙ፤ ዋጋውም ይሻላል፣ ስለ ጥለቱም ትነግርዎታለች። ከዚያ እስከ ቀትር ድረስ ወደ ድሬዳዋ ይነሡ፤ የከሰዓቱን በረራ የያዘ ሰው ከበረራው ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ከሐረር ቢወጣ አይጨነቅም፤ አወዳይ ላይ የጫት መኪናዎች መንገዱን የሚይዙበት ጊዜ አለ።